የቀለለው ጠርሙስ

ጠርሙሱ ቀለለው። ሰመመን ሰጪው በኋላ ለኢንስፔክተሯ ሲያስረዳ ከሁሉ አስቀድሞ የነገራት ይህንን ነበር። የታሸገውን ካርቶን ከፍቶ የመጀመሪያውን ቡናማ ጠርሙስ ሲያነሳ ክንዱ ካሰበው በላይ ሽቅብ ሄደ፤ ሙሉ መስሎት ባዶ ባልዲ ብድግ እንዳደረገ ሰው። ክዳኑን ፈትቶ አሸተተ። ሽታ የለውም። መዳፉ ላይ ጠብ አደረገው። የማስተኛው መድኃኒት ሃሎቴን ቢሆን ኖሮ እጁን ቀዝቀዝ አድርጎት ዓይኑ እያየ ይተን ነበር። ይሄኛው ግን መዳፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ።

ሁለተኛውን አነሳ፤ ሦስተኛውን አነሳ። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ የመጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ስምንቱም ውኃ ነበሩ።

ኢንስፔክተሯ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። በሥራ ዘመኗ የተሰረቀ መኪና፣ የተሰረቀ ጄኔሬተር፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ከነመቃኑ የተሰረቀ የቤት በር ፈልጋ አግኝታለች። የሰው እንቅልፍ ተሰረቀ ተብላ ስትጠራ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

"እንደማያውቅ ሰው ያስረዱኝ" አለችው ማስታወሻዋን እየገለጠች። "የምሬን ነው፣ አላውቅም።"

ሰመመን ሰጪው ገና ጎልማሳ ነው። አረንጓዴውን የቀዶ ሕክምና ልብስ እንደለበሰ እጁን መላልሶ ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

"ሃሎቴን ፈሳሽ ነው። ማሽኑ ላይ ይሞላል፣ ይተናል፣ በሽተኛው እየተነፈሰው ይተኛል። አምስት ወር ሆነ ከየትም ከጠፋ። አቅራቢውን ስንጠይቅ የለም ነው መልሱ። እኛ ጋ የቀሩት እነዚህ ስምንቱ ነበሩ። እነሱንም ቢሆን፣ ማዕከላዊው ሆስፒታል ጨርሷልና በሙሉ አስረክቡ የሚል ደብዳቤ መጣብን። ከትናንት ወዲያ አሸግናቸው። ሊወስዳቸው የነበረው መኪና ትናንት መንገድ ላይ ሞተሩን ጣለና ቀረ።"

"ታዲያ የታሸገውን ማን አስከፈተው?"

"ልጅቷ" አለ። "አሥር ዓመቷ ነው። ጉሮሮዋ ውስጥ ዕጢ በቅሎ መተንፈሻዋ እንደ እስክሪብቶ ቀፎ ጠቧል። ነገ ወደ ማዕከሉ ልትላክ ነበር፣ ዛሬ ሲነጋ ባሰባት። ሦስት ሰዓት መንገድ አትችልም። ዳይሬክተሩ፣ ክፈቱት፣ ተጠያቂው እኔ ነኝ አሉ።"

"በመርፌ ማስተኛት አይቻልም?"

"ሌላውን ሰው ሁሉ አስተኛለሁ። እሷን በመርፌ ካስተኛኋት ትንፋሿ ቀጥ ሊል ይችላል፤ ቱቦ ላስገባ ብል መንገዱ ዝግ ነው። ራሷ እየተነፈሰች ቀስ እያለች መተኛት አለባት። ለዚያ ደግሞ ያለኝ ይሄ ብቻ ነበር።"

"ስንት ሰዓት ትሰጡኛላችሁ?"

"ሐኪሙ እስከ አሥር ሰዓት ትቆያለች ብሏል። ከዚያ በኋላ ለመተንፈስም አቅም ታጣለች።"

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት አላት። ከጠርሙሶቹ አንዱን ይዛ ወጣች።

መጋዘኗን የያዙት እትዬ ቁልፍ ይባላሉ። ወገባቸው ላይ የተንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ከሳቸው ቀድሞ ኮሪደሩን ስለሚዞር፣ ሠራተኛው ሁሉ ድምፁን ሲሰማ ከወሬው ወደ ሥራው ይመለሳል። ኢንስፔክተሯን ቁጭ በይ ሳይሉ ገና ለክርክር ተዘጋጅተው ጠበቋት።

"እኔ ቆጥሬ እቀበላለሁ፣ ቆጥሬ አስረክባለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ፋሻ አልጎደለችብኝም። የውስጡን መርምሪ ግን ተብዬ አላውቅም።"

"ምንም አልጎደለብዎትም፤ ስምንቱም አሉ" አለች ኢንስፔክተሯ። "ማሸጊያውን ያሳዩኝ።"

የተቀደደውን የካርቶን ክዳን አመጡላት። በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ የሆስፒታሉ ማኅተምና ሦስት ፊርማዎች አሉ፤ የእትዬ ቁልፍ፣ የሰመመን ሰጪውና ሦስተኛው የጋሼ እንቅልፍ። ጋሼ እንቅልፍ የሰመመን ትምህርት አስተማሪው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያስተኙ ኖረው አሁን ማስተኛት ያስተምራሉ። ወረቀቱ የተቀደደው ዛሬ ጠዋት፣ በዳይሬክተሩ ፊት ነው። ከዚያ በፊት ማንም አልነካውም።

"ሲታሸግ ሦስታችሁም ነበራችሁ?"

"ሦስታችንም።" መልሱ ጥያቄው ሳያልቅ ነበር የመጣው።

"ጋሼ እንቅልፍን የት አገኛቸዋለሁ?"

"ዛሬ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደዋል፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው። የት እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን..." አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ፍሬንን ጠይቂው። የአምቡላንሱን ሾፌር። ባለፈው ሳምንት እንደዚህ ያሉ ቡናማ ጠርሙሶች ወንበሩ ሥር ሲደብቅ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።"

ኢንስፔክተሯ ጠርሙሶቹን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ መጋዘን ማን እንዳመጣቸው ልትጠይቅ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ፍሬን የሚለው ስም አስረሳት። ያቺ የተረሳች ጥያቄ ሦስት ሰዓት በላችባት።

ፍሬን የሚባለው ፍሬን ስለማይወድ ነው። አምቡላንሱን ዋርካ ሥር አቁሞ ጎማ ሲያጥብ አገኘችው። ከወንበሩ ሥር ያለውን አውጣ ስትለው ፊቱ ልብሱን መሰለ፤ ልብሱ ደግሞ ነጭ ነው። ሦስት ቡናማ ጠርሙሶች በጋዜጣ ተጠቅልለው ወጡ። ልጥፋቸው ላይ ሃሎቴን የሚለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

"ለየትኛው የግል ክሊኒክ ነው?"

"ለክሊኒክ አይደለም። ለፀጉር ነው።"

"ለምን?"

"ለፀጉር" አለ መሬት መሬት እያየ። "ባለቤቴ የፀጉር ቅባት ታዘጋጃለች። እዚህ የሚጣለው ባዶ ጠርሙስ ብርሃን ስለማያስገባ ቅባቱን አያበላሽባትም። እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትሞላለች።"

ኢንስፔክተሯ ክዳኑን ከፈተች። የጉሎ ዘይት ሽታ አፍንጫዋን ሞላው።

"ባዶ ጠርሙስ መውሰድ ወንጀል ነው?" አለ።

"ልጥፉን ሳይልጡ መሸጥ ግን ሞኝነት ነው።"

"እሱማ ነው። አንዷ ደንበኛ ከተቀባሁት ወዲህ ጥሩ እንቅልፍ ይወስደኛል ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራችለት፤ ባለቤቴም ልጥፉን እንዳትነካብኝ አለች።"

ያቺን ባለቤት ለማግኘት፣ ጓዳዋን ለማየትና ሁለት የግል ክሊኒኮችን ለማዳረስ ኢንስፔክተሯ ግማሽ ቀኗን ፈጀች። የጓዳው ጠርሙሶች በሙሉ ቅባት ናቸው። ክሊኒኮቹም እንደ ሆስፒታሉ ባዷቸውን ናቸው፤ እንዲያውም አንደኛው፣ ካገኛችሁት ለኛም አንድ አታጡም ወይ ብሎ ለመናት። ወደ ሆስፒታሉ ስትመለስ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል። እግሯ ዝሏል፤ ሆዷም ባዶ ነው።

በልጅቷ ክፍል በኩል አለፈች። ማለፍ አልነበረባትም፤ ግን አለፈች። ልጅቷ አልጋው ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ተቀምጣለች። ተኝታ መተንፈስ አትችልም። በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ቀጭን ፉጨት ይወጣታል። እናቷ ጀርባዋን ታሻሻለች።

"አራት ወር ሆናት ድምፅዋ ከጠፋ" አለች እናቷ። "በፊት ዝም በይ እያልኩ ነበር የምቆጣት። አሁን ዝም ስላለች እኔው ልታመም ነው።"

ልጅቷ ኢንስፔክተሯን አየቻት፤ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። እናቷ ተረጎመች። "ሲያስተኙኝ ቁጠሪ ይሉኛል፣ ድምፅ ከሌለኝ በምን እቆጥራለሁ ነው የምትለው።"

"በጣትሽ ትቆጥሪያለሽ" አለች ኢንስፔክተሯ። ቶሎ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለጋሼ እንቅልፍ ለአምስተኛ ጊዜ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። በዚህኛው ግን ጥሪውን ከጆሮዋ ውጭም ሰማችው፤ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከተዘጋ በር ኋላ። ሄደች። በሩ ላይ መለማመጃ ክፍል ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ማሽኑ ስለተበላሸ የዛሬና የነገ ልምምድ ተሰርዟል ይላል፤ የጋሼ እንቅልፍ ፊርማ አለበት። ሰውየው ስልካቸውን ውስጥ ረስተው ሄደዋል።

የሕክምና ማሽን ጠጋኙ በዚያው በኩል መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ከቶ ሲያልፍ አገኘችው።

"የመለማመጃው ማሽን ምን ሆኖ ነው?"

"የኔ ማሽን?" ቆመ። "ምንም አልሆነም። ማን ነው ተበላሸ ያለው?"

ወረቀቱን አሳየችው። አነበበውና ራሱን ነቀነቀ። "ለኔ ያመለከተ የለም። አሁኑኑ አየዋለሁ። አምስት ተማሪ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ ነው እንዴ በኔ ስም?"

ተናዶ ቁልፍ ሊያመጣ ሄደ። ኢንስፔክተሯ ደህና ፍንጭ አገኘሁ ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ የሠራችውን ስህተት ግን ያን ጊዜ አላወቀችውም።

የቀዶ ሕክምናውን መዝገብ አስመጥታ ከርክክቡ ቃለ ጉባኤ ጎን ዘረጋችው። ርክክቡ የተፈጸመው ከትናንት ወዲያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው ይላል። መዝገቡ ደግሞ ሰመመን ሰጪው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት አንድ የተሰበረ እግር ላይ እንደነበር ይናገራል። ሁለቱን ሰዎች ወደ መጋዘኑ አስጠራቻቸው።

"አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቆምም" አለች መዝገቦቹን እያስጠጋች። "ሲታሸግ እዚህ አልነበሩም።"

እትዬ ቁልፍ ቁልፎቻቸውን ይዘው ዝም አሰኟቸው፤ ያ ዘለላ ዝም ሲል ያ የመጀመሪያው ነው።

"በር ላይ ነው የፈረምኩት" አለ ሰመመን ሰጪው። "ጓንት እንዳደረግኩ። ወረቀቱን ይዘውልኝ መጡ፣ ስምንት ናቸው፣ ቆጥረናል አሉኝ፤ ፈረምኩ።"

"ሳያነሱ?"

"ሳላነሳ።" ፊቱ ቀላ። "የመጀመሪያው ትምህርታችን እኮ እሱ ነው። ሃሎቴን ከውኃ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ እጅ ያውቀዋል። ሳታነሳ አትፈርም ተብዬ ነው የተማርኩት። ከጋሼ እንቅልፍ።"

"ወረቀቱን ይዘው የመጡትስ?"

"እሳቸው።"

ኢንስፔክተሯ ወደ እትዬ ቁልፍ ዞረች። ሦስት ሰዓት የዘገየችው ጥያቄ አሁን ወጣች። "ጠርሙሶቹን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደዚህ ማን አመጣቸው?"

"ጋሼ እንቅልፍ ናቸው። ወጣት ሲጠፋ ሽማግሌ ይሸከማል እያሉ ሲቀልዱ ነበር። አርባ እርምጃ አይሆንም እኮ።"

ከአርባው እርምጃ በሃያኛው ላይ የመለማመጃ ክፍሉ በር አለ። ኢንስፔክተሯ ከጠዋት ጀምሮ በቦርሳዋ ይዛው የዞረችውን ጠርሙስ አውጥታ ዞር ዞር አደረገችው። በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ፕላስተር ተጠምጥሟል፤ ፈሳሹ ሳይታወቅ ተንኖ እንዳያልቅ እዚህ ሁሉንም እንዲህ ያስሯቸዋል። ገለበጠችው። ከታች፣ መስታወቱ ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ስንጥቅ ውስጥ፣ የእህል ፍሬ የማታክል ነጭ ቀለም አለች። ቀሪው ተፍቋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ሰመመን ሰጪው ጎንበስ ብሎ አየ። "የመለማመጃ ጠርሙስ" አለ ቀስ ብሎ። "ማሽን መሙላት የምንማርበት። መድኃኒቱ እንዳይባክን ባዶ ጠርሙስ ውኃ ይሞላና፣ ከእውነተኛው እንዳይምታታ ሥሩ ላይ ነጭ ነጥብ ይደረግበታል። ስንት ዓመቴ፣ ረስቼው እኮ ነው።"

"የመለማመጃው ውኃ እዚህ ከመጣ፣ የመለማመጃው መደርደሪያ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

በመስኮቱ ማዶ፣ በግቢው በኩል፣ የማሽን ጠጋኙ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ይመለሳል። ፊቱ ላይ እርካታ ይነበባል።

"ማሽኑ ደህና ነው" ብሎ ጮኸላት በመስኮቱ። "ተማሪዎቹን አስገብቻቸዋለሁ። እየሞሉ ነው።"

ኢንስፔክተሯ ሮጠች። ከኋላዋ ሰመመን ሰጪው፣ ከሱ ኋላ የእትዬ ቁልፍ ቁልፎች። ሃያ እርምጃ እንዲህ ይረዝማል ብሎ የሚያምን ሰው የለም። እየሮጠች የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልምምዱ መሙላትና መልሶ ወደ ባልዲ መገልበጥ ነው፤ ጠጋኙንም ቢሆን ያስነሳችው እሷ ናት፣ በራሷ አፍ።

በሩን በርግዳ ገባች። አምስት ተማሪዎች ማሽኑን ከበው ቆመዋል። ባልዲው ወለሉ ላይ አለ፣ ደረቅ ነው። ስምንቱ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ተደርድረዋል። ፕላስተራቸውም አልተፈታም።

"አንዱንም አልከፈታችሁም?" አለች ትንፋሽ አጥሯት።

አንዲት ቀጠን ያለች ተማሪ ጥፋት የተገኘባት መስሏት ወደ ኋላ ሸሸት አለች። "እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው። ከበደኝ።"

"ምኑ?"

"ውኃው። ባለፈው ሳምንት እንዲህ አይከብድም ነበር። ሳትመዝኑ አትሙሉ ብለውናል መምህራችን። ካልገባችሁ ጠርሙሱን አስቀምጡና ሰው ጠይቁ ብለውናል። ሰው ልንጠይቅ ነበር።"

ሰመመን ሰጪው አንዱን ጠርሙስ አነሳ። ክንዱ ወደ ታች ዝቅ አለ። ገልብጦ ሥሩን ነካው፤ ነጩ ነጥብ ገና ጣት ላይ ይጣበቃል። ፕላስተሩን ፈቶ አሸተተና ጣፋጩ ሽታ ሲያገኘው ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ተማሪዋን ትከሻዋን ይዞ፣ "አንቺ ከኔ ትሻያለሽ" አላትና ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ጋሼ እንቅልፍ የመጡት ልጅቷ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ከገባች በኋላ ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ጫማቸው አቧራ የለበሰ ሰው ናቸው። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችውን ኢንስፔክተር፣ ከሷ ማዶ የተቀመጠችውን እናትና ከበሩ በላይ የበራውን ቀይ መብራት አዩ። ያ ብቻ በቃቸው። አጠገቧ ተቀመጡ።

"ባሰባት?"

"ሲነጋ።"

"አገኛችሁት?"

"ተማሪዎ አገኘችው። ከበደኝ ብላ።"

ሽማግሌው ሳቅ ሊሉ ጀምረው አቆሙ። "የትኛዋ? ቀጭኗ? አውቄያለሁ።"

"ጋሼ" አለች ኢንስፔክተሯ፣ "ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ።"

"ልንገርሽ ልጄ። ደብዳቤው ሲመጣ ልጅቷን አይቼ ነበር። ለመንገድ እንደማትሆን አንገቷ ይናገራል። ለኃላፊዎቹ ነገርኳቸው፤ ደብዳቤ ደብዳቤ ነው አሉኝ። ስለዚህ ለወጥኩት። መኪናው ውኃውን ይዞ ይሄዳል፤ እዚያ የሚቀበለው ሰው ተማሪዬ ነው፣ ሳያነሳ አይፈርምም። ሲያነሳ ያውቃል፣ ይደውልልኛል። እኔም ልጅቷን እስክናስተኛ ሁለት ቀን አገኛለሁ ብዬ ነው።"

"ባያነሳስ? እዚህ ያለውም ተማሪዎ ነበር።"

"እዚህ ያለውን እጁ ሥራ ላይ እያለ አስፈረምኩት፤ እንዳያነሳ አውቄ። የራሴን ትምህርት በራሴ እጅ አፈረስኩ። ሌሊቱን ያስጨነቀኝ እሱ ነው። እዚያም ልጆች አሉ ብዬ ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ሄድኩ። እውነቱን ነግሬ ልለምን። ስልኬንም በጭንቀቴ መሳቢያ ውስጥ ጥዬው።"

ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የማዕከሉ ማኅተም አለበት። አራቱ ጠርሙስ እዚሁ እንዲቀር፣ አራቱ እንዲላክ፣ ከእንግዲህም ሁለቱ ሆስፒታሎች የመጣውን ሁሉ እኩል እንዲካፈሉ ይላል።

"ስነግራቸው ጊዜ ሰሙኝ" አሉ። "መጀመሪያውኑ መሄድ ነበረብኝ። ሰርቄ ሳይሆን ጠይቄ።"

"ይሄን ሁሉ እጽፈዋለሁ። የለወጡትንም፣ የሄዱትንም።"

"ጻፊው። ቀጭኗ ልጅ ያለችውንም እንዳትረሺ።"

ኢንስፔክተሯ ጻፈች። ቅር ብሏት አልጻፈችም፣ ደስ ብሏትም አልጻፈችም፤ እንደሆነው ጻፈች። ያ ወረቀት ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው።

ቀይ መብራቱ ጠፋ። ሰመመን ሰጪው ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ በሩን ገፍቶ ወጣ። ጋሼ እንቅልፍን ሲያይ ቆም አለ።

"ተማሪ እያለሁ እንደነገሩኝ ቀስ አድርጌ አስተኛኋት" አለ። "አልቸኮልኩም። ዕጢው ወጥቷል።"

"አነሳኸው?"

"ሁለቴ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እናትየዋ ተነስታ በሁለቱ መሀል ሰንጥቃ ገባች፤ ኢንስፔክተሯም ማንም ግቢ ሳይላት ተከተለቻት። ልጅቷ በጀርባዋ ተኝታለች። በጀርባዋ። አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ አይሰምጥም፤ ፉጨቱም የለም። ቀኝ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ወጥቶ አምስት ጣቶቿ እንደተዘረጉ ናቸው።

"አምስት ላይ ስትደርስ ነው የተኛችው" አለ ሰመመን ሰጪው በሹክሹክታ።

የልጅቷ ዓይን ተከፈተ። ጣሪያውን አየች፣ እናቷን አየች፣ እጇን አየች። የምትቆጥርበት ጣት አልቆባታል። ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ጥቂት አሰበች።

"ስድስት" አለች። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ሰለል ያለ ነው፣ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማው።